ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት አዮዲን ያለው ጨው እንዴት ይያዛል?

የጅማ ክረምት ረጅም ነው። ክዳኑ ክፍት የተተወ ጨው ወዲያው ውሃ ይቋጥራል፤ ውሃው ሲንጠባጠብ አዮዲኑንም ይዞት ይሄዳል። ነፍሰ ጡር ካለች ጉዳቱ ለሁለት ነው።

አንገት ላይ ያለው ታይሮይድ እጢ ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ነው። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የጽንሱ አንጎል የሚያድገው በእናቱ ሆርሞን ነው። በነፍሰ ጡሯ ደም ውስጥ ያለው ጠቅላላ ሆርሞንም እስከ አንድ ተኩል እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ በቀን 150 ማይክሮግራም አዮዲን ይበቃት የነበረች ሴት ስታረግዝ 250 ያስፈልጋታል። እንቅርት እስኪወጣ መጠበቅ አይገባም፤ ጥንቃቄው ከማርገዝ በፊት ቢጀመር ይመረጣል።

1. ሄርማታ መርካቶ ሲወርዱ በጣሳ ከሚሰፈረው ይልቅ አዮዲን እንዳለው የተጻፈበትን የታሸገ ጨው ይግዙ። ከረጢቱ ከረጠበ ይተዉት።

2. ክዳኑ ግጥም በሚል ዕቃ ገልብጠው ከምድጃና ከፀሐይ ያርቁት። ምድጃው አጠገብ ማስቀመጥ የብዙዎቻችን ልማድ ነው፤ እጅ ስለሚቀርብ ነው እንጂ ለጨው የከፋ ቦታ ነው። በደረቅ ማንኪያ ይጭለፉ። ጨው የሚያጥቡም አሉ፤ እባክዎ ይተዉት፣ አዮዲኑ ከእጣቢው ጋር ይደፋል።

3. ጨው የሚጨመረው ወጡ ሊወጣ ሲል ነው።

4. አዮዲን ፍለጋ ጨው አያብዙ። የቀኑ ሁሉ ተደምሮ ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይለፍ፤ በኪሎ 30 ሚሊግራም አዮዲን ካለው ጨው 150 ማይክሮግራም ይገኝበታል። ቀሪውን ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ ይሙሉት፤ ካልሞላ የእርግዝና ክትትል ላይ ይጠይቁ።

የታይሮይድ ሆርሞን ኪኒን የታዘዘላት ሴት ስታረግዝ አታቋርጠው፤ መጠኑ መጨመር ሊያስፈልገው ስለሚችል ወዲያው ለሐኪሟ ትንገር። ኪኒኑን በባዶ ሆድ በውሃ ትውሰድ። በክትትል የሚሰጣትን የብረት ኪኒን ደግሞ ይህን ከወሰደች 4 ሰዓት ያህል ቆይታ ታድርገው። ጅማ ላይ ከባዱ የጠዋቱ ቡና ነው፦ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆይላት፤ ጀበናው ቢጣድ እንኳ አቦሉ ይጠብቃታል።