ጄል ጥፍር ቀለም በቤት ውስጥ ሲያስለቅቁ የሚፈጸሙ ስህተቶች

የጥር ሰርግ አልፎ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቆይ፣ ወደምሠራበት የውበት ሳሎን የሚመጡት ሚዜዎች እጃቸውን ደብቀው ነው የሚገቡት። ጥፍራቸው ሳስቷል፣ ነጫጭ ነጠብጣብ ወጥቶበታል፣ ሙቅ ውኃ ሲነካውም ይጠዘጥዛቸዋል። ሁሉም በመብራት የሚደርቀውን ጥፍር ቀለም ከስሰው «ጄሉ ጥፍሬን በላው» ይሉኛል፤ እኔ ግን ከጄሉ በፊት የምጠይቀው እንዴት እንዳስለቀቁት ነው።

መልሱ ዘጠኝ ጊዜ ከዐሥር አንድ ነው፦ ልጠውታል። ጠርዙ ትንሽ ብድግ ሲል በሌላኛው እጅ ጥፍር ይፈለቅቁታል፤ ታክሲ ውስጥ፣ ስልክ እያወሩ፣ ፊልም እያዩ። ጥፍር እርስ በርስ የተነባበሩ ስስ የኬራቲን (ጥፍር የሚሠራበት ፕሮቲን) ንጣፎች ያሉት ሲሆን፣ ጄሉ የሚጣበቀው ከላይኛው ጋር ስለሆነ በጉልበት ሲላጥ ንጣፉን ይዞ ይነሣል። አንዲት ሙሽራ የላጠችውን ጄል በሶፍት ጠቅልላ አምጥታ «ይኸው፣ ሙሉውን ወጣልኝ» ስትለኝ ገልብጬ አሳየኋት፤ ከቀይ ቀለሙ ጀርባ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር ተለጥፎ ነበር። ያ ነጭ የራሷ ጥፍር ነው። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚያድግ፣ የተላጠው ሙሉ በሙሉ እስኪተካ 6 ወር ገደማ ይፈጃል፤ እስከዚያ ድረስ የሚቀቡት ዘይት ሁሉ ያለሰልሰው እንደሆነ እንጂ የሄደውን ንጣፍ አይመልሰውም። ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርሁ አላውቅም፤ በሚቀጥለው ዓመትም እንደምደግመው ግን አውቃለሁ።

አሴቶን፣ ማለትም ጄሉን የሚያሟሟው ፈሳሽ፣ የሌለበትን ተራ የቀለም ማስለቀቂያ ገዝቶ ጄል ይለቃል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። ጠርሙሱ ላይ «አሴቶን» የሚለውን ሳያነቡ አይግዙ።

የላይኛውን አንጸባራቂ ሽፋን ሳይሞርዱ ጥጥ ማሰርም እንዲሁ ነው። የሸካራነት ቁጥሩ 180 በሆነ ሞረድ ብልጭታው እስኪጠፋ ድረስ በቀስታ ይሞረዳል፤ ቀለሙ ሳያልቅ ግን እጅን መሰብሰብ ያስፈልጋል፣ ከዚያ በታች ያለው ጥፍር ነውና። በጥፍሩ ዙሪያ ያለው ቆዳ አስቀድሞ ቫዝሊን ይቀባል። ከዚያ በጥፍሩ ልክ የተቆረጠ ጥጥ በአሴቶን ርሶ ይቀመጥና በፎይል ይጠቀለላል።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ፎይሉን ፈትቶ መፋቅ የትዕግሥት ማነስ ነው፤ በዚህ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ሥራውን ስለምድ ተራ የምትጠብቅ ደንበኛ ስላስጨነቀችኝ፣ ያልለሰለሰ ጄል በብረት መግፊያ ፍቄ የአንዲት ደግ ሴት አውራ ጣት ላይ ቦይ አውጥቻለሁ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆዩ፤ ጄሉ ተሸብሽቦ ራሱ ካልተነሣ ጥጡን እንደገና አርሰው ለሌላ 5 ደቂቃ ይጠቅልሉት። ሲገፋም በእንጨት ይሁን። ሲያበቃ እጅ በሳሙና ታጥቦ ቅባት ይቀባል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ እሳቱ ነው። አንድ እሑድ ዘመዴ ዐሥሩንም ጣቶቿን በፎይል ጠቅልላ፣ የአሴቶኑን ጠርሙስ ክዳኑን ሳትገጥም አጠገቧ አስቀምጣ፣ ጀበና ከተጣደበት ከሰል ፊት ለፊት ተቀምጣ አገኘኋት። «ቡናው እስኪፈላ ልጨርስ ብዬ ነው» አለችኝ። የአሴቶን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል እየተሳበ ራቅ ያለ ፍም ሊደርስ ይችላል፣ የሚቀጣጠለውም በቅጽበት ነው። ይዣት በረንዳ ወጣሁ፤ ቡናውንም እዚያው ጠጣን። ቶሎ ይሠራልኝ ብሎ አሴቶንን ምድጃ ላይ ማሞቅማ ፈጽሞ የማይታሰብ ነው፤ ሙቀት ከፈለጉ የተጠቀለሉትን ጣቶች በሞቀ ፎጣ መሸፈን ይበቃል።

በመጨረሻም፣ በሳሎን ቋንቋ «ጄል» የሚባለው ሁሉ በአሴቶን አይሟሟም። ለማስረዘሚያና ለማጠንከሪያ የሚሠራው ደረቅ ጄል የሚወገደው በመሞረድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ዙር አሥረውት ንቅንቅ ካላለ ሦስተኛ አይሞክሩ፤ የሠራችልዎትን ባለሙያ ጋ ይሂዱ። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ መብራቱ ውስጥ እጅዎን ከመክተትዎ በፊት «ይህ በአሴቶን ይለቃል?» ብለው ይጠይቋት።