የተሰበረ መርፌ እንዳይደበቅ

በአቃቂ ቃሊቲም ሆነ በቦሌ ለሚ በኩል ባለ ልብስ ስፌት ፋብሪካ፣ ሠራተኛው ስህተቱን ይናገር እንደሆነ ለማወቅ የመርፌ መዝገቡን ገለጥ ማድረግ ይበቃል። ሠላሳ ማሽን ያለው መስመር ሳምንታት አልፈውት አንድም የተሰበረ መርፌ ካልተመዘገበ፣ መርፌው እየተሰበረ ነው፤ የሚናገር ግን የለም። ቁራጩ ከልብሱ ጋር ታሽጎ ይሄዳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መርፌ ሲሰበር ማሽኑ ይጠፋል፣ ሰፊዋ እጇን ታነሳለች። ስብርባሪው ተለቅሞ ከሙሉ መርፌ ጎን ተደርድሮ ይታያል። ካልጎደለ በፕላስተር መዝገቡ ላይ ተለጥፎ ቀን፣ ሰዓትና የማሽን ቁጥር ይጻፋል። አዲስ መርፌ የሚሰጠው ከዚህ በኋላ ነው። ከጎደለ በማግኔት ይፈለጋል፤ ማሽኑ ላይና አጠገቡ ያለው ሥራ ተለይቶ በብረት መፈተሻ ያልፋል።

ይህን ሁሉ የሚያበላሸው እጅ ከተነሳ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ቃል ነው። ሱፐርቫይዘሩ «ደግሞ ሰበርሽ?» ካለ፣ ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሁሉ ትምህርታቸውን ወስደዋል። «ቁራጩ ሁሉ ተገኘ?» ብሎ ይጀምር። ቀጥሎ «የቱ ጋ ስትደርሺ ነው?» ይበል። ድርብርብ ስፌት ላይ ከሆነ መርፌው ቀጥኖ ይሆናል፤ 14 ቁጥር ተነስቶ ወፈር ያለው 16 ይሞከር። ጨርቁን በእጅ ስትጎትት ከሆነ መርፌው ተጣሞ ከሥሩ ያለውን የማሽኑን ብረት ሳህን መትቷል፤ መጎተት ያመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ የኮታ ጥድፊያ ነው። በአንድ ማሽን ላይ ከተደጋገመ መካኒክ ይጠራ።

የመርፌ ዋጋ ከደመወዝ የሚቆርጡ አሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እንደ ኅብረት ስምምነት፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያለ ሕጉ የሚቀበለው መሠረት ከሌለ ከደመወዝ መቀነስ አይቻልም። ቢቻልስ? መርፌ ከተገኘበት የተመለሰ ካርቶን ጋር ሲተያይ የመርፌ ዋጋ ምን ሊሆን!

የጠዋቱ ስብሰባ ማሽን ሳይነሳ፣ ቆሞ፣ ቢበዛ 10 ደቂቃ ነው። «ችግር አለ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ መልሱ ሁልጊዜ «የለም» ነው። «ትናንት ከሰዓት የትኛው ማሽን አስቸገረ?» ይባል። ሱፐርቫይዘሩ መጨረሻ ላይ ይናገር፤ ቀድሞ ከተናገረ ሌላው የእሱኑ ይደግማል። ዕድሜያቸው የገፋ ሠራተኛ ካሉ በሰው ፊት አይታረሙ፤ «እትዬ፣ አንዴ ላስቸግርዎ» ብሎ ገለል አድርጎ መንገር ነው። አማርኛ ያልቀናትን ልጅ ደግሞ ቋንቋዋን የምታውቅ ጓደኛዋ አጠገብ ማስቀመጥ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል።

ከሁሉ በላይ የምትደብቀው አዲሷ ናት። የሙከራ ጊዜዋ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ስለሚችል፣ በአንድ መርፌ የምትባረር ይመስላታል። ስለዚህ ኮታ ሳይሰጣት በመጀመሪያው ቀን የተሰበረ አሮጌ መርፌ ይሰጣትና እጅ ከማንሳት እስከ መዝገብ ያለውን ራሷ ትሥራው። ሲነገራት ሰምታ «እሺ» ማለቷ አይበቃም።

ይህ ሲጀመር የተመዘገበው መርፌ ቁጥር ይጨምራል። ሥራ አስኪያጁ ቀድሞ ይነገረው፤ አለበለዚያ ሪፖርቱን ሲያይ ደንግጦ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፣ መዝገቡም በማግስቱ ባዶ ይሆናል።