ትሮፕን በአንድ መስመር እንዴት በትክክል መግለጽ ይቻላል (ዊኪ ላይ ለምትጽፉ)

ፊልም ስታዩ «ይሄን ነገር ሌላም ቦታ አይቼዋለሁ» የምትሉት አለ አይደል፣ ሀብታሙ ልጅ ድሃ መስሎ ልጅቷን የሚፈትንበት፣ ሞተ የተባለው ሰውዬ መጨረሻ ላይ ብቅ የሚልበት ምናምን። እንደዚህ አይነቱን ደራሲዎች ደጋግመው የሚጠቀሙበት የትረካ ልማድ ትሮፕ ይሉታል፣ ከ2004 ጀምሮ ደግሞ ቲቪ ትሮፕስ የሚባል ዊኪ ላይ ሰዎች እየተጋገዙ እነዚህን ሲሰበስቡ ቆይተዋል። እዛ ላይ ከረጅሙ ጽሁፍ ሌላ ላኮኒክ የሚባል ገጽ አለ፣ ስራው ትሮፑን ባጭሩ፣ ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር መንገር ነው። ዊኪዳታ (ዊኪፒዲያና እህት ዊኪዎቹ የሚጠቀሙበት የመረጃ ቋት) ላይም ለእያንዳንዱ ርዕስ አጭር መግለጫ የሚገባበት ቦታ አለ፣ የገጹን ቋንቋ ወደ አማርኛ ቀይራችሁ በአማርኛ መጻፍ ትችላላችሁ።

እቺ አንድ መስመር ቀላል ትመስላለች ግን ብዙ ሰው የሚያነበው እሷን ብቻ ነው። ረጅሙን ጽሁፍ ሳይነካ መስመሯን አይቶ «አሃ ገባኝ» ብሎ የራሱን ምሳሌ ሊጨምር ይሄዳል፣ መስመሯ ትንሽ ከሰፋች ገጹ በማይመለከተው ምሳሌ ይሞላል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ደግሞ ምሳሌዎቹን አይቶ ትርጉሙን ይገምታል፣ እንዲህ እያለ ትሮፑ ሌላ ነገር ሆኖ ቁጭ ይላል። ቲቪ ትሮፕስ ላይ እንዲህ አይነት ችግር ያለባቸውን ገጾች የሚያስተካክል ትሮፕ ሪፔር ሾፕ የሚባል ክፍል ራሱ አለ፣ ስለዚህ ነገሩ ተራ አይደለም።

1. መጀመሪያ አንብቡ፣ አትጻፉ

ዋናውን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው አንብቡ፣ ከዛ የውይይት ገጹን ክፈቱ፣ ሰዎች በምን ላይ ሲከራከሩ እንደነበር እዛ ታገኛላችሁ። ምሳሌዎቹን ግን በጥርጣሬ አንብቡ፣ ግማሾቹ ስህተት ሊሆኑ ይችላሉ።

የቼኾቭን ሽጉጥ እንውሰድ። ሩሲያዊው ደራሲ አንቶን ቼኾቭ በ1889 በጻፈው ደብዳቤ ላይ ማንም የማይተኩሰውን ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ መድረክ ላይ ማስቀመጥ አይገባም የሚል ምክር ሰጥቷል። ይሄ ለጸሀፊ የተሰጠ ምክር ነው፣ ማለትም የማይጠቅም ነገር አታስገባ። ዛሬ ትሮፑ ሲባል የሚታሰበው ግን ከምክሩ ትንሽ ይለያል፣ መጀመሪያ ላይ እንደ ተራ ነገር ታይቶ ያለፈ ዕቃ ኋላ ላይ ወሳኝ ሆኖ ሲመጣ ማለት ነው። ስሙን ብቻ ይዞ የጻፈ ሰው «ፊልም ላይ የሚታይ መሳሪያ» ይላል፣ ምክሩን ብቻ የሚያውቅ ደግሞ «ሁሉም ዝርዝር ጥቅም ሊኖረው ይገባል የሚል ህግ» ይላል፣ የመጀመሪያው ፈጽሞ ስህተት ነው፣ ሁለተኛው የምክሩ ትርጉም እንጂ የትሮፑ አይደለም። ሁለቱን ለይታችሁ የትኛውን ገጽ እየጻፋችሁ እንደሆነ ካላወቃችሁ መስመሩ አይወጣላችሁም።

2. ነገርዬው ምን እንደሆነ ለዩ

ገጸ ባህሪ ነው? ክስተት ነው? ዕቃ ነው? ወይስ የአተራረክ ዘዴ? ይሄን ሳትወስኑ አትጀምሩ። ዌን ቡዝ በ1961 ባወጣው የስነ ጽሁፍ ጥናት መጽሐፉ ስም የሰጠውን የማይታመን ተራኪ እዩት፣ እሱ ተራኪ ነው፣ ስለዚህ መስመሩ ማለቅ ያለበት «ተራኪ» ብሎ ነው፣ «ታሪኩ ውሸት ሲሆን» ብላችሁ ከጻፋችሁት ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀምራችኋል።

እዚህ ላይ ሰው በጣም የሚሳሳትበት አለ፣ «የሚዋሽ ተራኪ» ብሎ መጻፍ። ህጻን ልጅ የሚያየው ነገር ሳይገባው ሲተርክ እኮ እየዋሸ አይደለም፣ አእምሮው የታመመ ሰውም የሚያምነውን ነው የሚናገረው፣ ሁለቱም ግን የማይታመኑ ተራኪዎች ናቸው። «የሚዋሽ» የምትለዋ ቃል እነሱን ሁሉ ከገጹ ታባርራለች። «በእውቀት ማነስ፣ በህመም ወይም ሆን ብሎ ነገሩን አዛብቶ የሚያቀርብ ተራኪ» ብትሉት ግን ሁሉም ይገባሉ።

3. ጎረቤቱን ፈልጉ (ዋናው ስራ እዚህ ነው)

እያንዳንዱ ትሮፕ የሚመስለው ሌላ ትሮፕ አለው፣ የእናንተ መስመር ስራም እሱን በሩ ላይ ማስቀረት ነው።

ዴውስ ኤክስ ማኪናን ውሰዱ። በጥንት ግሪክ ቲያትር አማልክት በማንሻ ማሽን መድረክ ላይ እየወረዱ የተወሳሰበውን ነገር ይፈቱ ነበር፣ አርስቶትልም መፍትሄው ከታሪኩ ከራሱ መውጣት አለበት ብሎ ይሄን ነቅፎታል። አሁን «ችግሩ በድንገት ሲፈታ» ብላችሁ ብትጽፉ ምን ይሆናል? የቼኾቭ ሽጉጥም እኮ ችግሩን በድንገት ሊፈታ ይችላል! ጀግናው ገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥሎ ከኪሱ ገመድ አወጣ እንበል። ገመዱን መጀመሪያ ትዕይንት ላይ ሲገዛው አይተን ከነበረ የቼኾቭ ሽጉጥ ነው፣ ስለ ገመድ ምንም ሳንሰማ እዛው ከወጣ ግን ወደ ዴውስ ኤክስ ማኪና ይሄዳል። ያው ጀግና፣ ያው ገመድ፣ ልዩነቱ ቀድሞ መታየት አለመታየቱ ላይ ብቻ ነው፣ ስለዚህ በሁለቱም መስመር ውስጥ ይሄ ነገር የግድ መኖር አለበት።

የቼኾቭ ሽጉጥ፦ ቀድሞ እንደ ተራ ነገር ታይቶ ያለፈ፣ ኋላ ላይ ለታሪኩ ወሳኝ የሚሆን ነገር

ዴውስ ኤክስ ማኪና፦ ቀድሞ ምንም ፍንጭ ያልተሰጠበት፣ መውጫ የሌለውን ችግር በድንገት የሚፈታ ነገር

ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስታነቡ አይምታቱም፣ እኔ ጥሩ መስመር የምለው እንዲህ ያለውን ነው። ማክጋፊን የሚለውን ስም ደግሞ የፊልም ዳይሬክተሩ ሂችኮክ ነው ያስፋፋው፣ ሁሉም የሚሯሯጥለት ሻንጣ ወይም ሰነድ አይነት ነገር። «ሁሉም የሚፈልገው ዕቃ» ካላችሁት ግን ተአምር የሚሰራ አስማተኛ ቀለበትም ይገባል፣ ዕቃው በራሱ ኃይል ታሪኩን የሚቀይር ከሆነ ደግሞ ማክጋፊን ነው ማለት ይከብዳል። «ገጸ ባህሪያቱ ሁሉ የሚፈልጉት፣ በሌላ ዕቃ ቢተካ ግን ታሪኩ የማይለወጥ ነገር» በሉት፣ አለቀ።

4. በሁለቱም በኩል ፈትኑት

የጻፋችሁትን መስመር ይዛችሁ መጀመሪያ ትሮፑን በደንብ የማያሟላ ታሪክ አስቡ፣ መስመሩ ካስገባው ሰፍቷል ማለት ነው። ከዛ ማንም የማይከራከርበት ትክክለኛ ምሳሌ ውሰዱ፣ መስመሩ ካስወጣው ጠቧል። ከዛ ፊልም የሚወድ ግን ስለ ትሮፕ ሰምቶ የማያውቅ ጓደኛችሁን መስመሯን ብቻ አንብቡለትና ምሳሌ ስጠኝ በሉት፣ እሱ የሚሰጣችሁ መልስ ከሁሉም በላይ ይነግራችኋል፣ ከተሳሳተ እሱን ለማስረዳት አትሞክሩ፣ መስመሩን ቀይሩት።

5. ትርፉን ቁረጡ

«አሰልቺ»፣ «የተለመደ»፣ «ቆንጆ» የሚሉ ቃላት ይውጡ፣ አንባቢው ስለ ትሮፑ ምን እንደሚሰማችሁ ሊያውቅ አይደለም የመጣው። የፊልም ስምም አታስገቡ፣ ፊልሙን ያላየ ሰው ምንም አይገባውማ። ትሮፑን በራሱ ስም አትግለጹ («ተራኪው የማይታመን ሲሆን» ምንም አልነገረንም)። ቀልድም ይቅር። «ብዙ ጊዜ» እና «አንዳንዴ» ካስገባችሁ ደግሞ ቆም በሉ፣ አንዳንዴ ብቻ የሚሆን ነገር የትርጉሙ አካል አይደለም፣ ረጅሙ ጽሁፍ ውስጥ ይግባ።

ዊኪዳታ ላይ ከሆነ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አያስፈልግም፣ መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ አይደረግም፣ ጣሪያው 250 ፊደል ነው ግን እዛ ድረስ ከሄዳችሁ የሆነ ነገር ተሳስቷል።

6. የራሳችንን ስትጽፉ

የኛ የትረካ ልማዶች ገና ብዙ ስላልተጻፈባቸው እዚህ የሚጻፈው መስመር ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል፣ ስለዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል ልጆቹ «የላም በረት» የሚሉትን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድ ሰው «የኢትዮጵያ ተረት መክፈቻ» ብሎ ቢጽፈው ግን ልክ አይደለም፣ አገሪቱ ውስጥ ብዙ ቋንቋ አለ፣ እያንዳንዱም የራሱ አጀማመር አለው። «መክፈቻ» ብቻውን ደግሞ «ከዕለታት አንድ ቀን» የሚለውንም ያስገባል፣ የዚህኛው ልዩ ነገር አድማጩ መመለሱ ነው፣ አድማጭ ካልመለሰ ተረቱ አይጀመርም። «ተራኪ ሲጠራ አድማጮች በታወቀ ግጥም የሚመልሱበት የአማርኛ ተረት መክፈቻ» ቢባል ይሻላል፣ መልሱን ራሱን መስመሩ ውስጥ አላስገባሁትም ምክንያቱም «የመሠረት» ብለው የሚመልሱም አሉ።

የአማርኛ ፊልሙም እንደዛው። «የሀብታምና የድሃ ፍቅር» አንድ ትሮፕ ነው፣ «ሀብታም ገጸ ባህሪ ፍቅረኛን ለመፈተን ድሃ መስሎ ሲቀርብ» ሌላ ነው፣ ሁለተኛው ላይ መደበቅና መፈተን ከሌለ ትሮፑ የለም። አንድ ገጽ ላይ ከደባለቃችኋቸው በኋላ ለመለየት በጣም ነው የሚያስቸግረው።

7. ሴቭ ስታደርጉ

ኤዲት ያደረጋችሁበትን ምክንያት በአጭሩ ጻፉ፣ «አስተካከልኩ» ብቻ ሳይሆን «ከዴውስ ኤክስ ማኪና እንዲለይ ቀድሞ መታየቱን ጨመርኩ» በሉ። የነበረውን መስመር ሙሉ በሙሉ የምትቀይሩት ከሆነ መጀመሪያ ውይይት ገጹ ላይ አሮጌውንና አዲሱን አንድ ላይ አስቀምጡ፣ አሮጌው የማይመለከተውን የትኛውን ምሳሌ እንደሚያስገባ አሳዩ፣ ከዛ ሰው እስኪመልስ ጠብቁ። ገጹንም መከታተያ ዝርዝራችሁ ውስጥ አስገቡት፣ ሰው ከቀየረው ወዲያው ወደ ድሮው አትመልሱት፣ ምናልባት እናንተ ያላሰባችሁት ጎረቤት ትሮፕ አግኝቶ ይሆናል፣ ጠይቁት።