ሰሜን ተራሮች ላይ ሰው ሲጠፋባችሁ

በቡድን ለእግር ጉዞ የሚወጣ ሰው በዝቷል። ቅዳሜና እሁድ ወንጪ ወይም መናገሻ ደርሶ የሚመለስ የአዲስ አበባ ወጣት፣ ትንሽ ቆይቶ ድንኳኑን ይዞ የሰሜን ተራሮች መግቢያ ወደሆነችው ደባርቅ ይመጣል። እሰየው ነው። ነገር ግን መናገሻ ደን ውስጥ መንገድ የሳተ ሰው አንዱን አቅጣጫ ይዞ ቢሄድ መንደር ወይም የመኪና መንገድ ያገኛል። ሰሜን ተራሮች ላይ እንዲሁ አንዱን አቅጣጫ ይዞ የሄደ ሰው ገደል አፋፍ ላይ ሊደርስ ይችላል። ከዚህ በታች ያለው እኛ አስጎብኚዎች፣ ስካውት ከምንላቸው ጠመንጃ ከያዙ የፓርኩ አጃቢዎችና ከበቅሎ ጫኞች ጋር ሆነን ሰው ሲጠፋ የምንሠራው ነው። ብዙው ለሌላ ተራራም ያገለግላል።

ሰው ጎደለ ሲባል ሁሉም በየፊናው መሮጥ ይቃጣዋል። አትፍቀዱ። ቡድኑን አስቀምጡ፣ በቅሎዎቹን አስቁሙ፣ እንደገና ቁጠሩ። ድንኳኑን ክፈቱ፣ መጸዳጃ ቤቱን አንኳኩ፣ የሌሎች ቡድኖችን ማብሰያ ቤት ተመልከቱ። ጠፋ የተባለ ሰው ከጎረቤት ቡድን አብሳይ ጋር እሳት እየሞቀ ቡና ሲጠጣ መገኘቱ ብርቅ አይደለም። እዚያ ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ለሽንት ከመንገድ ወጣ ብሏል፣ ወይ ጭላዳ ፎቶ ሲያነሣ ወደ ኋላ ቀርቷል።

በቅሎዎቹ ይቁሙ ያልኩት ለዱካው ብዬ ነው። የሰሜን መንገድ በበጋ ደቃቅ አቧራ ነው፤ የሰው እግር በግልጽ ይነበብበታል፤ አራት በቅሎ ካለፈበት ግን ምንም አይቀርም። የአገሬው ሰው የሚጫማው ኮንጎ ነው፤ ዱካው ሜዳ ነው። የተራራ ጫማ ደግሞ ጥርስ አለው፤ ተረከዙ አካባቢ ጠልቆ ይገባል። የጠፋው ሰው ጠዋት ድንኳኑ ደጃፍ የረገጠበትን ቦታ ፈልጉ። አንድ ጥርት ያለ ዱካ ስታገኙ ዙሪያውን በድንጋይ ክበቡት፣ በስልክ ፎቶ አንሡት፣ ከዚያ የደረቀ የአስታ ጭራሮ ቆርጣችሁ ከተረከዝ እስከ ጣት ለኩና ጭራሮውን በልኩ ስበሩት። ይህን ጭራሮ ይዞ መንገዱን ጎንበስ ብሎ የሚከተል አንድ ጫኝ በጩኸት ከሚንጋጋ ሃያ ሰው ይበልጣል። ዱካው የሚፈለገው በመንገዱ መሐል ብቻ አይደለም። ጠርዙን እዩ፤ ሰው ከመንገድ ሲወጣ የጓሳው ሣር ወደሄደበት ይተኛል፤ ጠዋት ጤዛ ወይም ውርጭ ላይ ከሆነ ደግሞ ጥቁር መስመር ሆኖ ከሩቅ ይታያል።

ዱካው እየተፈለገ ሳለ መጨረሻ ላይ ያየውን ሰው አነጋግሩ፤ ለብቻው። ቡድኑን አንድ ላይ ከጠየቃችሁ ደፋሩ ይናገራል፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል፣ የአንዱ ግምት የሁሉም ምስክርነት ይሆናል። የት ነበር፣ ፊቱ ወዴት ዞሮ ነበር፣ ምን ለብሷል፣ ውኃና ሹራብ ይዟል፣ ስልኩ ስንት ባትሪ ቀርቶታል፣ ጠዋት ራሴን አሞኛል ብሎ ነበር? የመጨረሻውን ጥያቄ እንዳትዘልሉ። ግጭ ካምፕ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከፍታ የመታው ሰው እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል፣ ያወቀው መንገድ ይጠፋበታል። እንዲህ ያለው ሰው የት እንደሚሄድ በብልሃት መገመት አይቻልም።

ሰዓቱን ስትጽፉ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። የውጭ አገር እንግዳ፣ ወይም ስልኩን በፈረንጅ ሰዓት የሞላ የከተማ ልጅ፣ «ሦስት ሰዓት ላይ አየሁት» ካለ ስካውቱ ጠዋት ይመስለዋል፤ ሰውየው ያለው ግን ዘጠኝ ሰዓትን ነው። የስድስት ሰዓት ልዩነት ማለት ፍለጋው ሌላ ሸለቆ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። «ምሳ ከመብላታችን በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብሎ መጠየቅ ከሰዓት ሁሉ ይበልጣል።

አሁን ስለ መሬቱ። ከሳንቃበር ካምፕ እስከ ጨነቅ ካምፕ መንገዱ አፋፍ አፋፉን ነው። በሰሜን በኩል ገደሉ ነው፤ በደቡብ በኩል መሬቱ ቀስ እያለ ይወርድና ከደባርቅ በሳንቃበርና በአምባራስ አድርጎ ጨነቅ ከሚደርሰው የመኪና መንገድ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ ግጭ አካባቢ የጠፋ ሰው ወደ ደቡብ ከሄደ ይደክመዋል እንጂ የመኪናውን መንገድ ያገኛል። የሚያስፈራው ሌላው ነው። «ከጠፋችሁ ወንዝ ተከተሉ፣ ወንዝ ከሰው ያደርሳል» የሚል ምክር በየቦታው ይነገራል። እዚህ ይህን ምክር የሚሰጥ ሰው አፉን ይያዝ። ከግጭ በታች ያለውን ጅረት የተከተለ ሰው ጅንባር ፏፏቴ ላይ ይደርሳል፤ ጅንባር ደግሞ 500 ሜትር ገደማ ተወርውሮ ገደል ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፈላጊዎቻችሁ መሄድ ያለባቸው ወደዚያ ነው። ሊፈልጉት ብቻ ሳይሆን፣ ከደረሰ ሊያስቆሙት።

ጥበቃው ከፍለጋው ይቀድማል የምለው ለዚህ ነው። አንድ ሰው በመጨረሻ በታየበት ቦታ ይቀመጥ፤ ከዚያ ንቅንቅ አይበል፤ ጨርቅ ይስቀል፣ ሲመሽ እሳት ያንድድ። ሁለት ሰው ወዳደሩበት ካምፕ ይመለስ። ሁለት ሰው ወደሚቀጥለው ካምፕ ይሂድ። መኪና ካለ ከአምባራስ እስከ ጨነቅ ያለውን መንገድ በዝግታ ይመላለስበት፣ በየጊዜው ቆሞ ጥሩምባ ይንፋ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ያድምጥ። እነዚህ መውጫ በሮች ሁሉ ሰው ከቆመባቸው በኋላ ነው መሐሉን ማሰስ የሚጀመረው፤ ሁልጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ የመመለሻ ሰዓት ተነግሮ። ያሰሳችሁትን ቦታ ጻፉ። ማታ ላይ «እዚያ ሄደናል» የሚል አሥር ሰው ይኖራል፤ የትኛውን ጥግ እንዳዩ የሚያስታውስ ግን የለም።

ስትጣሩ ባንድ ጊዜ አትጩኹ። አንድ ሰው ስሙን ይጥራ፤ ቤተሰቡ የሚጠራበትን ስም ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይሰማል። ከዚያ ሁሉም ትንፋሹን ውጦ አንድ ሙሉ ደቂቃ ያዳምጥ። ፊሽካ ካለ ሦስት ጊዜ ይነፋ። መልስ ከመጣ አትሩጡ፤ ገደሉ ድምፅ ይመልሳልና ከማዶ የሰማችሁት ከጀርባችሁ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሰዎች መቶ እርምጃ ያህል ተራርቀው ይቁሙ፣ ድምፁ ሲመጣ ዐይናቸውን ጨፍነው በእጃቸው ያመልክቱ። ሁለቱ እጆች የሚገናኙበት አቅጣጫ ብዙ ጊዜ እውነተኛው ነው። የስካውቱን ጠመንጃ ለምልክት መጠቀም ግን አልወድም። በእኛ አገር ተኩስ ለሠርግም ለለቅሶም ለጠብም ነው፤ አስቀድሞ ላልተነገረው መንደር የሚያስተላልፈው መልእክት ሌላ ነው።

እረኞችን አትርሱ። ብዙው ቡድን ይረሳቸዋልና አምርሬ ልናገር። ገብስ ማሳ ዳር በጎች የሚጠብቅ የአሥር ዓመት ልጅ በዚያ ሸንተረር ላይ ያለፈውን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የእናንተን ቡድን ጠዋት ሲነሣ ጀምሮ ሲያየው ነው የዋለው። ጥያቄው ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። «ቀይ ጃኬት የለበሰ ሰው አይተሃል?» ካላችሁት እንዳያሳዝናችሁ «አዎ» ይላችኋል። «ጎበዝ፣ ዛሬ በዚህ በኩል ማን ማን አለፈ?» በሉት፤ ቀዩን ጃኬት እሱ ራሱ ይናገር። ትልቅ ሰው ካገኛችሁ ሰላምታው ሳይጨረስ ወደ ጥያቄ አትግቡ፤ «አያ» ብላችሁ፣ ከብቱን ልጁን ጠይቃችሁ፣ ከዚያ ጉዳዩን አስረዱ። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ እሳቸው ግን ከማዶ ላለው ጎረቤት በአንድ ጥሪ ያስተላልፉታል፣ እሱም ለሚቀጥለው። ስልክ በማይሠራበት ሸለቆ ወሬው እናንተ በእግር ከምትደርሱበት በፊት ይደርሳል።

ስልክ ካነሣን፣ ወደ ጠፋው ሰው የሚደውለው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ሃያ ሰው ከደወለ ባትሪው ያልቃል፤ ብርድ ላይ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ድምፅ የማይገባበት ቦታ አጭር መልእክት ሊገባ ይችላልና እንዲህ ብላችሁ ላኩ፦ «ባለህበት ቁም። ወደ ታች አትውረድ፣ ከገደል ራቅ። እየመጣን ነው። ያለህበትን የጂፒኤስ ቁጥር ላክና ስልክህን አጥፋ፤ በየሰዓቱ መጀመሪያ ላይ አምስት ደቂቃ ክፈተው።» ከሳንቃበር ወዲያ ያለው ቦታ ሁሉ በ13 እና በ38 ይጀምራል። በሌላ ቁጥር የሚጀምር ነገር ከመጣ ተሳስቶ ነው፤ እንደገና ጠይቁ።

ለፓርኩ ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ መቼ ይነገር? አንድ ሰዓት ፈልጋችሁ ካላገኛችሁ። ጉም ከወረደ፣ ሊመሽ ከሆነ፣ የጠፋው ልጅ ወይም ሕመምተኛ ከሆነ ወዲያውኑ። ስሜ ይጠፋል ብሎ እስከ ማታ የሚደብቅ የጉዞ አዘጋጅ አለ፤ እንዲህ ያለው ሰው የሚያባክነው የራሱን ሳይሆን የሌላውን የቀን ብርሃን ነው። ፀሐይ በአሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ ይጨልማል። ሄሊኮፕተር ይመጣል ብላችሁም እቅድ አታውጡ። እቅዳችሁ እግር፣ በቅሎና መኪና ነው።

ጉም ሲወርድ ወይም ሲጨልም አፋፍ ላይ ማንም እንዳይሄድ። ይህን ስል የሚቆጡ የጠፋው ሰው ጓደኞች ይኖራሉ፤ ይቆጡ። ሌሊቱ በእሳት፣ በባትሪ መብራት፣ በጥሪና በማድመጥ ያልፋል፤ ጎህ ሲቀድ ለመነሣት ጋቢው፣ ደረቅ ልብሱ፣ ስኳርና ሻይ ያለበት ቴርሞስ፣ ኮርቻ የተጫነች አንዲት በቅሎ ዝግጁ ይሁኑ። መንገድ ላይ የወለቀ ጃኬት ብታገኙ ዘራፊ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። ብርድ አጥንቱ የገባ ሰው አእምሮው ሲታወክ ሞቀኝ ብሎ ልብሱን ያወልቃል። ጃኬቱ የተገኘበት አካባቢ ቁጥቋጦውን፣ የድንጋዩን ሥር፣ ዋሻውን ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ ሰውየው ተሸሽጎ ሊሆን ይችላል፣ ስትጠሩትም ላይመልስ ይችላል።

ስታገኙት «የት ሄደህ ነው?» ብሎ ወቀሳ የለም። እርጥብ ልብሱን አውልቁ፣ ደረቅ አልብሱ፣ ከላይ ከመሸፈናችሁ በፊት ከሥሩ አንጥፉለት፤ ብርዱ ከመሬት ይመጣል። ነቅቶ በደንብ የሚውጥ ከሆነ ስኳር የበዛበት ሙቅ ሻይ ስጡት። አረቄ አይሆንም፤ ሙቀት የሰጠ እየመሰለ የሰውነትን ሙቀት ያወጣል። እጅ እግሩን አትሹ፣ እሳት ላይም አታስጠጉት። መንቀጥቀጡ ሙቀት ሳያገኝ ካቆመ ተሻለው ማለት አይደለም፤ እየባሰበት ነው፤ በዝግታና ሳታንገላቱ አጓጉዙት። ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ከፍታውም ሊሆን ስለሚችል ወደ ደባርቅ አውርዱት፤ ነገ እናያለን አይባልም።

ከዚያ ፈላጊዎቹን ሁሉ መልሱ፤ ዝርዝራችሁ ላይ ያሉትን አንድ በአንድ። ሰውየው ከተገኘ ከሰዓታት በኋላ ጅንባር ላይ ብርድ እየመታው የሚጠብቅ ስካውት መኖር የለበትም። ሌሊቱን አብረዋችሁ ያደሩ ጫኞችና እረኞች የቀን ሥራቸውን ትተው ነው የመጡት፤ ገንዘቡን ቡድኑ ያዋጣ፣ እዚያው በእጃቸው ይሰጥ፣ «ደባርቅ ስንደርስ» አይባል።