6 ሴንቲሜትር የተላጠ የመሰለኝ ገደል

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው የዓባይ በረሃ መንገድ ዳር ያለ አንድ የባዛልት ገደል በሌዘር ስካነር (በጨረር ርቀት እየለካ የገጽን ቅርጽ በሚመዘግብ መሣሪያ) ሁለት ጊዜ ቀርጸን ነበር፤ አንዴ ከክረምት በፊት፣ አንዴ ከክረምት በኋላ። ሁለቱን የነጥብ ደመናዎች፣ ማለትም የገደሉን ገጽ የሚያሳዩትን የተለኩ ነጥቦች ስብስብ፣ ክላውድኮምፔር በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሳነጻጽር የገደሉ ፊት በሙሉ 6 ሴንቲሜትር ያህል የተላጠ ሆኖ ታየኝ። ያ ሁሉ ዐለት ወርዶ ቢሆን ኖሮ መኪና ባላለፈ ነበር!

መጀመሪያ መሣሪያውን ወቀስኩ፤ በከንቱ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሁለቱን ቅጂዎች አንዱን በሌላው ላይ ሳገጣጥም ቁጥቋጦውንና ከገደሉ ሥር የተከመረውን ፍርስራሽ አላወጣሁም። ክረምቱ ያበቀለው ቅጠል ወደ ፊት ስለወጣ፣ ኮምፒውተሩ እርሱን ከቀድሞው ጋር ለማስተካከል ዐለቱን ወደ ኋላ ገፍቶታል። ዕፅዋቱንና ክምሩን ቆርጬ አወጣሁ፤ ከዚያም ስንጥቅ የሌለበትን ጠንካራ ዐለት ብቻ መርጬ እንደገና አገጣጠምኩ። ልዩነቱ ከ1 ሴንቲሜትር በታች ወረደ።

ከተንጠለጠሉት ቋጥኞች ሥር ግን አሁንም የማይታመን ቁጥር ነበር። ለካስ ርቀቱን የለካሁት ከላይ ወደ ታች ነው፤ ይህ ለሜዳ እንጂ ለገደል አይሆንም። ኤም3ሲ2 በሚባለው ስሌት፣ ከዐለቱ ገጽ ቀጥ ብሎ በሚወጣው አቅጣጫ ስለካው አብዛኛው ጠፋ። የቀረው ከአንድ ቦታ ብቻ ስለቀረጽን ጨረሩ ያልደረሰበት ጓዳ ነው፤ ከካርታው ፋቅሁት።

የተረፉት ዐለት በእርግጥ የወረደባቸው ሦስት ጠባሳዎች ናቸው። ከመካከላቸው በአንዱ ጫፍ ላይ፣ ከኋላው የተሰነጠቀ ዓምድ አሁንም ቆሟል። በሚቀጥለው ጉዞ ከሁለት ቦታ እንቀርጸዋለን።