በቤት ድመት ላይ የዱር ድመትን ማየት፦ ለሐረር ልጆች የተዘጋጀ የምልከታ መመሪያ

ልጆች፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ በየሥጋ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው ቁራጭ የሚጠብቁት ድመቶች የዘር ግንዳቸው የሚመዘዘው ከአፍሪካ የዱር ድመት ነው። ይህ እንስሳ ዛሬም በአፍሪካና በምዕራብ እስያ ይኖራል፤ ከሐረር ወደ ባቢሌ ሲወረድ እንደሚታየው ያለ ደረቅና ቁጥቋጧማ ምድር ይስማማዋል። ሆኖም በብዛት ሌሊት የሚያድንና ከሰው የሚሸሽ በመሆኑ እርሱን ፍለጋ መውጣት አያዋጣም። የሚያዋጣው የቤት ድመትን በጥሞና መመልከት ነው፤ ሰው ውሻን የለወጠውን ያህል ድመትን ስላልለወጠ፣ የአያቶቿ አካልና ጠባይ አብዛኛው እስካሁን ከእርሷ ጋር አለ።

ለምልከታው ደብተርና እርሳስ ይበቃል። አንዲት ድመት ምረጡና ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ለጥቂት ቀናት እርሷን ብቻ ተከታተሉ፤ በቀትር ብትሄዱ የምታገኟት ተኝታ ነው። ራቅ ብላችሁ በዝምታ ተቀመጡ። አትጥሯት፣ ምግብም አታሳዩአት፤ ምግብ ካየች ሌላውን ሁሉ ትታ ወደ እናንተ ትመጣለችና።

በመጀመሪያ ጸጉሯን መዝግቡ። የአፍሪካ የዱር ድመት አሸዋማ ወይም ግራጫ መልክ ያለው ሲሆን፣ በጎኑ ላይ ደብዘዝ ያሉ መስመሮች፣ በእግሮቹ ላይ ጠቆር ያሉ ሽንትሮች ይታያሉ። ጅራቱ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ወደ ጫፉ ጥቁር ቀለበቶች አሉት፣ ጫፉም ጥቁር ነው። የጆሮው ጀርባ ቀላ ይላል፣ እግሮቹም ከብዙ የቤት ድመቶች እግር ይረዝማሉ። የመረጣችኋት ድመት ዝንጉርጉር ከሆነች ከእነዚህ ምልክቶች የትኞቹ እንዳሏት ጻፉ። በጎኗ ላይ ያለው ቀጭን መስመር ሳይሆን ሰፊና የተጠማዘዘ ቅርጽ ከሆነ ግን ከዱር ያመጣችው አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የጥንታዊ ድመቶች የዘረመል ጥናት ይህ መልክ የታየው በመካከለኛው ዘመን እንደሆነ አሳይቷል። ጅራተ ቀለበታም የሆነ ሁሉ የዱር ድመት እንዳይመስላችሁም ተጠንቀቁ። ዶሮ የሚሰርቀው ሸለምጥማጥ ጅራቱ ቀለበታም ቢሆንም፣ እግሩ አጭር፣ አፉ ሾጣጣ፣ ገላው ነጠብጣብ ነው፤ ከድመት ቤተሰብም አይደለም።

ቀጥሎ ዱካዋን ፈልጉ። በአቧራማ መሬት ላይ የድመትን ዱካ ከውሻ ዱካ ጎን አድርጋችሁ ሣሉ፤ የውሻው ጥፍር መሬቱ ላይ ምልክት ሲተው የድመቷ ግን አይተውም፤ ስትራመድ ጥፍሯን ወደ ውስጥ ትሰበስባለችና። ለአደን ስለት ሆኖ እንዲቆይ የሚጠብቀው ይህ አሠራር ከዱር ድመት የተወረሰ ነው። ወፍ ስታደባም ደረቷን ወደ መሬት ዝቅ አድርጋ እየተሳበች፣ እየቆመች፣ እንደገና እየተሳበች ትቀርባለች፤ ማንም ሳያስተምራት የምታደርገው ነው።

ለእኔ ከሁሉም የሚደንቀው ድምጿ ስለሆነ ለእርሱ አንድ ሙሉ ገጽ ስጡት። ገጹን ለሁለት ክፈሉና «ሚያው» ባለች ቁጥር ለሰው ይሁን ለሌላ ድመት መሆኑን ጻፉ። ግልገሎች እናታቸውን ለመጥራት ይጮኻሉ፤ ያደጉ ድመቶች ግን እርስ በርሳቸው በዚህ ድምፅ እምብዛም አይነጋገሩም። ለሰው ግን አዘውትረው ያሰሙታል፤ አብረውን በመኖር ካዳበሯቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

አብሮ መኖሩ እንዴት እንደጀመረም ማወቅ ያስፈልጋል። ከ10,000 ዓመታት ገደማ በፊት በመካከለኛው ምሥራቅ ገበሬዎች እህል ማከማቸት ሲጀምሩ አይጥ ጎተራውን ወረረ፣ የዱር ድመትም አይጡን ተከትሎ መጣ። በቆጵሮስ ደሴት ከሰው አጠገብ ተቀብሮ የተገኘ ድመት 9,500 ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ደሴቲቱ የራሷ የዱር ድመት ስላልነበራት ድመቶቹን በጀልባ የወሰዷቸው ሰዎች መሆን አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የዘረመል ጥናትም የዓለም የቤት ድመቶች ከዚያው ከመካከለኛው ምሥራቅ አካባቢ የአፍሪካ የዱር ድመት ዘር መሆናቸውን አመልክቷል።

በምልከታው ወቅት የማታውቋትን ድመት አትንኩ። ብትነክሳችሁ ወይም ብትቧጭራችሁ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ ለወላጆቻችሁ ንገሩ፣ ሳትዘገዩም ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል። ከከተማ ውጭ በቁጥቋጦ ሥር ግልገሎች ብታገኙ ደግሞ እናታቸው ለአደን ሄዳ ሊሆን ስለሚችል አታንሷቸው፤ ያያችሁበትን ቦታ ጻፉና ድምፅ ሳታሰሙ ራቁ።