ጽናታችሁን ሳይሆን ቤታችሁን አስተካክሉ

ከነገ ጀምሮ እበረታለሁ ማለት ብዙም አያስኬድም፤ ሰው እጁ የሚደርስበትን ይበላል፣ የቀለለውን ያደርጋል። ስለዚህ ጥሩው ነገር እንዲቀል፣ መጥፎው እንዲከብድ አድርጉ።

በ1953 እ.ኤ.አ. ብሪታንያዊው ሐኪም ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞችን አነጻጽረው ነበር። ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች፣ ተቀምጠው ከሚውሉት ሾፌሮች ያነሰ የልብ ሕመም ታየባቸው። (ሾፌሮቹ ገና ሲቀጠሩም ወገባቸው ሰፋ ያለ እንደነበር በኋላ ታውቋል፤ ልዩነቱ ሁሉ የደረጃው ሥራ አይደለም።) ያም ሆኖ ትኬት ቆራጮቹ ስፖርት እንሥራ ብለው አልተነሡም፤ ያሠራቸው የሥራ ቦታቸው ነው። ነዋሪዎቿ ረጅም ዕድሜ በመኖር ስማቸው በሚነሣው በጃፓኗ ኦኪናዋ ደሴትም ብዙ አረጋውያን ወለል ላይ ስለሚቀመጡ፣ በተነሡ ቁጥር እግራቸውንና ሚዛናቸውን ያሠራሉ።

እናንተም ፍራፍሬውን አጥባችሁ ጠረጴዛው መሃል አስቀምጡ፤ ብስኩቱን ውስጡ በማይታይ ዕቃ አድርጋችሁ መሰላል የሚያስፈልገው መደርደሪያ ላይ ስቀሉት። መጣል አያስፈልግም፣ መሰላሉ ራሱ ያሰንፋል። የእግር ጉዞ ጫማችሁ በር ላይ ይሁን። ከጎረቤት ጋር ለመራመድ ከተቀጣጠራችሁ ደግሞ መቅረት ያሳፍራል፤ ይህ ከየትኛውም አፕሊኬሽን ይበልጣል ባይ ነኝ።

ስልካችሁን ሌላ ክፍል ቻርጅ አድርጉት፤ ለመቀስቀሻ ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት ይበቃል።